ለድመት በር ማውጣት

ድመት ያለችበት ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ ሳይቀጠር የሚሠራው አንድ ሥራ አለው፤ ይኸውም የበር ጠባቂነት ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ከውጭ ሆና ትጮኻለች፤ ተነሥተው ይከፍቱላታል። ገብታ ድስቱን አሽትታ፥ አልጋውን አንድ ጊዜ ዞራ፥ እንደገና በሩ ሥር ተቀምጣ ትጮኻለች፤ አሁንም ተነሥተው ይከፍቱላታል። በማግሥቱ በፋይል ላይ የሚያንቀላፋው ጸሐፊ፥ ወይም በፈተና አዳራሽ ዓይኑን የሚያሸው ተማሪ፥ ሲጠጣ አድሮ ነው ተብሎ ይታማ ይሆናል። ጥፋቱ ግን የድመቲቱ ነው።

ይህ የሌሊቱ ነው። የቀኑ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖር ሰው ጠዋት ወደ ሥራው ወይም ወደ ትምህርቱ ሲሄድ በሩን መቈለፉ አይቀርም። ድመቲቱን ከውስጥ ዘግቶባት ቢሄድ፥ ማታ ሲመለስ ክፍሉን በመጥፎ ሽታ ተሞልቶ ያገኘዋል። ከውጭ ትቷት ቢሄድ፥ አይጦች ቀኑን ሙሉ የዱቄቱን ከረጢት ሲቀድዱ፥ የመጽሐፉን ጠርዝ ሲከረክሙ ይውላሉ። መስኮቱን ገርበብ አድርጎላት ቢሄድ ደግሞ ለድመት የተከፈተ መስኮት ለሌባም የተከፈተ ነው።

እንግዲህ በአውሮጳና በአሜሪካ በብዙ ቤቶች እንደሚደረገው፥ በበሩ ግርጌ ድመት ብቻ የምታልፍበት ትንሽ በር ማውጣት ይቻላል። ደህና አናጢ ያለበት ሰፈር ሁሉ ይሠራዋል፤ መጋዝ መያዝ የሚችል ሰውም ራሱ አይሳነውም። ነገር ግን ገና ከመነሻው አንድ ነገር ላሳስብዎ። በበር ላይ ቀዳዳ ማውጣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሥራው ያለው በመክደኛው ላይ ነው። ቀዳዳውን ብቻ አስበው መጋዝ የሚያነሡ ሰዎች በሳምንቱ ጨርቅ ሲወትፉበት ይታያሉ።

ቀዳዳው ራሱ እጅግ አሮጌ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ ካቴድራል ውስጥ፥ በሰሜን በኩል ባለው ክንፍ፥ አንድ ጥንታዊ ሰዓት አለ። ከሰዓቱ በታች ያለው የእንጨት በር ከግርጌው ክብ ቀዳዳ አለው። በካቴድራሉ መዝገብ እንደሚገኘው፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1598 ዓ. ም. ዊልያም ኮተን የተባሉት ጳጳስ ይህን ቀዳዳ ለድመታቸው እንዲያወጡ ለአናጢዎች 8 ፔኒ ከፍለዋል። ምክንያቱም የሰዓቱ መሣሪያ በእንስሳ ስብ ይቀባ ስለ ነበረ፥ አይጦች ስቡን ፍለጋ ይመጡ ነበር። ከዚያም አስቀድሞ፥ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት፥ በዚያው ካቴድራል የሒሳብ መዝገብ ለድመት በየሦስት ወሩ 13 ፔኒ ወጪ ተጽፎ ይገኛል፤ በሳምንት አንድ ፔኒ መሆኑ ነው። ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰው አንባቢ፥ ይህች ድመት በየሳምንቱ ይታሰብላት እንደ ነበር ሲሰማ ቢቀና አልፈርድበትም።

ብዙ ሰዎች የድመትን በር የፈለሰፈው ሊቁ አይዛክ ኒውተን ነው ይላሉ። ኒውተን ለእናቲቱ ድመት አንድ ትልቅ ቀዳዳ፥ ለልጆችዋ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ አስወጣ፤ ልጆቹ ግን እናታቸውን ተከትለው በትልቁ አለፉ ይባላል። ጨዋታው ያስቃል፤ ነገር ግን ፈልሳፊው እርሱ ሊሆን አይችልም። ኒውተን የ17ኛው መቶ ዓመት ሰው ነው። በ1400 የሞተው የእንግሊዝ ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር ግን «የካንተርበሪ ተረቶች» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ አንድ አሽከር ድመት በምትገባበት የበር ቀዳዳ አጮልቆ ሲመለከት አሳይቷል።

እነዚህ ሁሉ መክደኛ የሌላቸው ክፍት ቀዳዳዎች ነበሩ። ሰው ለማይተኛበት ለሰዓቱ ክፍል ክፍት ቀዳዳ ይበቃል። ለመኝታ ክፍል ግን የሐምሌ ብርድ አለ፤ የጎረቤት ድመት አለ፤ ከሁሉም በላይ አይጡ ራሱ አለ። አይጥ በድመት በር ይገባልን? ቢሉ፥ አዎን፥ ይገባል። ትንሿ የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባላት፥ 6 ሚሊ ሜትር በምትሆን ክፍተት ትሾልካለች፤ ትልቁ አይጥም 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ መጋዝ ከማንሣትዎ በፊት በበሩና በደፉ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ጣትዎ የሚገባበት ከሆነ አስቀድመው እርሱን ይድፈኑ፤ አለዚያ ድመቲቱ በላይ ስትወጣ አይጡ በታች ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አስቀድሞ የሚለካው በሩ አይደለም፤ ድመቲቱ ናት። ቆማ ሳለች ከወለሉ እስከ ሆድዋ ያለውን ከፍታ ይለኩ፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የቀዳዳው የታች ጠርዝ በዚሁ ከፍታ ላይ ይሁን። ወርዱ 15፥ ቁመቱ 17 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛዎቹ ድመቶች ይበቃል። ድመት ትከሻዋን ከደረትዋ ጋር አጥብቆ የሚያያይዝ አጥንት ስለሌላት፥ ራስዋ ባለፈበት ትከሻዋ ተጣጥፎ ያልፋል። ይህ ግን ለቀጭን ድመት ነው። ያረገዘች፥ ወይም ግቢው ሁሉ የሚያጐርሳት ወፍራም ድመት ከሆነች፥ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይጨምሩላት።

ሁለተኛው ልክ የሌባ ክንድ ነው። የጐልማሳ ሰው ክንድ ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በድመቲቱ በር እጁን አስገብቶ መቀርቀሪያውን የሚያገኝ ከሆነ፥ በሩን ለድመቲቱ ሳይሆን ለእርሱ አወጡለት ማለት ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን በማጠፊያው በኩል እንጂ በቁልፉ በኩል አያውጡት። በበሩ ግርጌ መቀርቀሪያ ካለ ወደ ላይ ያዛውሩት፤ ቁልፍም ከውስጥ እንደ ተሰካ አይደር።

በሩ ከወፍራም ጣውላ የተሠራ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። በካርቶን ላይ ልኩን ቆርጠው በሩ ላይ ያስደግፉና በእርሳስ ይክበቡት፤ አራቱን ማዕዘን በመሰርሰሪያ ከበሱ በኋላ ከአንዱ ወደ አንዱ በቀጭን መጋዝ ይቍረጡ፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቀለም ይቀቡት፤ ያልተቀባ እንጨት በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣልና። ሁለት ኮምፔንሳቶ ተለጥፎበት መካከሉ ባዶ የሆነ በር ከሆነ ግን፥ በተቈረጠው ጠርዝ ዙሪያ በሁለቱ ኮምፔንሳቶ መካከል ቀጭን እንጨት ይጨመርበት፤ አለዚያ ብሎን የሚይዝበት አያገኝም። የላሜራ በር ለበያጅ የሚተው ነው። ለበያጁ ግን አጥብቀው ይንገሩት፤ የተቈረጠ ላሜራ እንደ ምላጭ ስለሚስል ጠርዙ መታጠፍ፥ ወይም ላስቲክ መልበስ አለበት።

መክደኛው ቀላል ይሁን። 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሆናል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቢገኝ ግን ይመረጣል፤ ድመት ከወዲያ ምን እንዳለ ሳታይ ራስዋን ማስገባት አትወድምና። በየጐኑ ከቀዳዳው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይነስ፤ ከዚያ ከበለጠ የአይጡን ልክ እንዳይረሱ። የብረት ማጠፊያ ይንጫጫል፤ ብዙውም ወደ አንድ ወገን ብቻ ይታጠፋል። ከዚህ ይልቅ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ አራት ጣት የሚያህል ቍራጭ ወስደው፥ አንዱን ጫፍ በመክደኛው ራስ ላይ ያያይዙ፤ ሌላውን ጫፍ በቀዳዳው የላይ ጠርዝ፥ በበሩ ውፍረት መካከል፥ በቀጭን እንጨት ጠርቀው ይምቱት። መክደኛው ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ያለ ድምፅ ይወዛወዛል። ነፋስ እንዳያንኳኳው በግርጌው በቁም ሣጥን በር ላይ እንደሚደረገው ያለ ትንሽ ማግኔት ይግጠሙለት፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ትንሽ መቀርቀሪያ ያብጁለት። ዛሬ በውጭ አገር ከድመቲቱ ቆዳ ሥር የተቀበረውን፥ የሩዝ ፍሬ የሚያህለውን ባለ 15 አኃዝ ቍጥር መለያ እያነበበ ለእርስዋ ብቻ የሚከፈት የባትሪ መክደኛ ይሸጣል። ብልኅ ነገር ነው፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ኪስ የሚሆን አይደለም።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ታዲያ ከመጋዝ በፊት አፍ ይቅደም። አንድ ወጣት ጸሐፊ ይህን ጉዳይ ለአከራዩ ሲያቀርብ ሰምቻለሁ።

«እትዬ፥ ከበሩ ግርጌ ትንሽ ልቀድ አስቤ ነበር፤ ለድመቲቱ መግቢያ።»

«በሬን? ኪራይ ጨምር ስልህ እንቢ ብለህ፥ አሁን በር ልትጨምር ነው ልጄ?»

«ቍራጩን አስቀምጠዋለሁ እትዬ፤ ስለቅ በቦታው መልሼ ቀለም እቀባዋለሁ።»

«ያንተ አይጦች ሸሽተው ወደኔ ጓዳ ቢመጡስ?»

«ድመቲቱስ ተከትላቸው ወደ እርስዎ ጓዳ አትመጣም እንዴ?»

እትዬም ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያው መጀመሪያ የኔን ጓዳ በር ቅደድልኝ» አሉት። የሁለቱም በር በአንድ ቅዳሜ ተሠራ።

ልጁ እንዳለው የተቈረጠውን ቍራጭ አይጣሉት፤ በጀርባው «የበር» ብለው ጽፈው ከአልጋ ሥር ያስቀምጡት። የተስማሙበትንም ቃል በአንዲት ወረቀት ላይ አስፍረው ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አከራይ ሊሞት፥ ቤቱም ሊሸጥ ይችላልና። አከራዩ ፈጽመው እንቢ ያሉ እንደ ሆነ በሩን ይተዉትና ወደ መስኮቱ ይዩ። ትንንሽ መስተዋት የተደረደሩበት የብረት መስኮት ከሆነ፥ ከታች ካሉት መስተዋቶች አንዱን ሳይሰበር አውጥተው በምትኩ ልኩ የሆነ ኮምፔንሳቶ ይግጠሙ፤ የድመቲቱም በር በእርሱ ላይ ይውጣ። ሲለቁ መስተዋቱ ይመለሳል፤ ማንም ምንም አልተጐዳም። እንዲያውም ለተከራይ ሰው ከበሩ ይልቅ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

የድመቲቱ በር ከተሠራ በኋላ ድመቲቱ የት እንደምትውል እርስዎ አያውቁም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድመት መንኵሳ አመልዋን አትረሳም፤ የጎረቤት ጫጩት ካለ ይታወቅ። ጎረቤት የአይጥ መርዝ የሚጥል እንደ ሆነም አስቀድመው ይነጋገሩ፤ መርዝ የበላውን አይጥ የበላች ድመት እርስዋም ልትሞት ትችላለችና። በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ሌሊት ጅብ ይዞራል። ስለዚህ ማታ ድመቲቱን ራት አብልተው፥ ከውስጥ መሆንዋን አይተው፥ መቀርቀሪያውን ይዝጉት። አሸዋ ያለበት ሣጥን ቢያስቀምጡላት ሌሊቱን ልውጣ ብላ አትጮኽም።

ከሁሉም የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ በሰው ላይ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ድመቲቱ ሦስት ወር ሲሆናት በእንስሳት ሐኪም ትከተብ፤ ክትባቱም ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ይታደስላት። ክትባት ሳይኖራት በር አያውጡላት። የማያውቋት ድመት በዚያ በር ገብታ ብትነክስዎ ወይም ብትቧጭርዎ፥ ጭረቱ ትንሽ ነው ብለው አይናቁት። ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠቡትና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የሚቀረው ማለማመድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀኖች መክደኛውን በሲባጎ ወደ ላይ አስረው ቀዳዳውን ክፍት ይተዉት፤ ምግብዋንም ከወዲያ ማዶ ያስቀምጡ። ደኅና አድርጋ ስታልፍ ሲባጎውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያላሉት፤ መክደኛው ጀርባዋን ይንካት። ያን ጊዜ ቆማ ታስባለች፤ ወደ ኋላም ትመለስ ይሆናል። ይዘው ገፍተው አያሳልፏት፤ አንድ ጊዜ በግድ ያለፈች ድመት ያን በር ብዙ ቀን ትሸሸዋለች። እርስዎ ከወዲያ በኩል ተቀምጠው በስምዋ ይጥሯት፤ ጥቂት ሥጋ ከያዙ ደግሞ ይፈጥናል። አንዳንዲቱ በሁለት ቀን ትለምዳለች፤ አንዳንዲቱ ሁለት ሳምንት ትፈልጋለች። ማግኔቱን እስከዚያ አይግጠሙት፤ መክደኛውን በግምባርዋ እየገፋች ስትገባና ስትወጣ ካዩ በኋላ ይምቱት።