ሥጋት የሚወርሱ ጥንቸሎች

የትናንሽ አጥቢ እንስሳት ቁጥር ካሻቀበ በኋላ ለምን እንደሚያሽቆለቁል ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ የምግብ እጥረትና የአዳኝ መብዛት ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ክርስቲያን ግን እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው መላምት፣ መጨናነቁ ራሱ ከኩላሊት በላይ የሚገኘውን አድሬናል የተባለ ዕጢ ከልክ በላይ እያሠራ መራባትን እንደሚያዳክም አመለከተ።

ውጥረትና መራባት በዱር ከተጠኑባቸው ስፍራዎች አንዱ በካናዳ ዩኮን ግዛት የሚገኘው የክሉዋኔ ደን ነው። በዚያ የሚኖረውና ሰፋፊ የኋላ እግሮቹ በበረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚረዱት የጥንቸል ዝርያ፣ በ10 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ እጅግ ይበዛና መልሶ ይመነምናል፤ ሲበዛም ሊንክስ የተባለው የዱር ድመት፣ ኮዮቴና ጉጉት ተከትለውት ስለሚበዙ አብዛኛው የአዳኝ ሲሳይ ይሆናል። እንቆቅልሹ ግን አዳኞቹ ከተመናመኑና ዕፅዋቱ ካገገመ በኋላም የጥንቸሎቹ ቁጥር ለዓመታት ሳያንሰራራ መቆየቱ ነው።

ማይክል ሸሪፍ፣ ቻርልስ ክሬብስና ሩዲ ቡንስትራ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ያረገዙ ጥንቸሎች ወዳሉበት አጥር የሠለጠነ ውሻ በየሁለት ቀኑ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ብቻ እንዲገባ ሲደረግ፣ ሰውነት በሥጋት ጊዜ የሚያመነጨው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ቅሪት በበጠጣቸው ውስጥ ጨምሮ ተገኘ፤ በሕይወት ያለ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው አነሰ፣ የተወለዱትም ትናንሽና ቀላል ሆኑ። በዱር የተደረገው ተከታይ ጥናት ደግሞ ሆርሞኑ የበዛባት እናት ልጆችም ሆርሞኑ እንደሚበዛባቸው አሳየ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እዚህ ግን እባቡን ያየችው እናት ስትሆን በልጡ የሚበረግገው ልጅ ነው፤ ቁጥሩ ቶሎ የማያንሰራራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ።

ይሁንና ውጥረት ሁልጊዜ ጉዳት አያስከትልም። በዚያው ደን ለቀይ ሽኮኮዎች የሌሎች ሽኮኮዎች የግዛት ጥሪ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደታተመው፣ ያረገዙት እናቶች ጎረቤት የበዛ መስሏቸው ሆርሞናቸው ጨመረ፤ ልጆቻቸው ግን ተጨማሪ ምግብ ሳይቀርብላቸው ከሌሎቹ ፈጥነው አደጉ። ብርዱ ሳይገባ የራሱን ግዛት ያልያዘ ሽኮኮ በአብዛኛው ስለማይተርፍ፣ በተጨናነቀ ደን ፈጥኖ የሚያድግ ልጅ ይጠቀማል፤ ስለሆነም ያው ሆርሞን ለጥንቸሏ ልጅ ሸክም ሲሆን፣ ለሽኮኮዋ ልጅ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ የሚደርሰው የእናቱ ማስጠንቀቂያ ነው።