ደቻቱ በሰንጠረዡ ውስጥ ወንዝ አይደለም

የድሬ ልጅ ደቻቱን ወንዝ ይለዋል፤ አብዛኛውን ዓመት ግን የምናየው አሸዋ ነው። ከከዚራ መጋላ በእግራችን እንሻገረዋለን። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ግን፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ በዚያው አሸዋ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ኮድ ላወራችሁ ፈልጌ ነው።

ከሳተላይት ምስል የሚሠራ የመሬት ካርታ ብዙ ጊዜ «ራስተር» ነው። ስልካችሁ ላይ ያለ ፎቶ ስታጎሉት እንደሚታየው፣ በፒክስል የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ቁጥር አለው። የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ በነፃ በለቀቀው «ወርልድ ከቨር» ካርታ ላይ 50 ሕንፃ ያለበት፣ 60 ባዶ መሬት፣ 80 ቋሚ ውኃ ማለት ነው። አንዱ ፒክስል 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው።

ለእንዲህ ያለ ካርታ ሰንጠረዥ ይሠራለታል፤ በየረድፉ ቁጥሩ፣ ስሙና የፒክስሉ ብዛት ይቀመጣል። እኔ ፓይተን ላይ «ፎር» ብዬ አጭር ሉፕ እጽፋለሁ። ኮዱ ረድፍ በረድፍ እየወረደ ብዛቱን ለ100 ያካፍልና ሄክታሩን ይነግረኛል። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል።

አሁን ኮዱን «80 የሆነውን ብቻ አምጣ» በሉት። ደቻቱ አይመጣም! በዚህ ካርታ ቋሚ ውኃ የሚባለው በዓመት ከ9 ወር በላይ ውኃ የሚተኛበት ቦታ ነዋ። ኮዱ የጠየቃችሁትን በትክክል መልሷል። ግን ይህንኑ ውጤት ብቻ ይዞ «ከውኃ የራቀ ባዶ ቦታ» ብሎ ቤት የሚያሠራ ሰው ቢኖር፣ ቤቱ የጎርፍ መንገድ ላይ ነው የሚቆመው።

መፍትሔ አለው። ናሳ በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር የለካው የመሬት ከፍታ መረጃ በነፃ ይገኛል። ከዚያ ላይ ውኃ ቁልቁል የሚሄድበትን መስመር ማውጣት ይቻላል። መስመሩ ላይ ላሉት ፒክስሎች አዲስ ቁጥር፣ ለምሳሌ 81 ስጧቸውና ሰንጠረዡን እንደገና ሥሩ። ሉፑ በሚቀጥለው ዙር አዲስ ረድፍ ያገኛል፦ «የጎርፍ መንገድ»።

የረድፉን ስፋት ለመወሰን ግን የሰፈር ሰው ያስፈልጋችኋል። ያን ሌሊት ያዩ እናቶችና አባቶች ጎርፉ እስከየትኛው ግድግዳ እንደደረሰ በጣታቸው ያሳዩዋችኋል። ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ።