«እሰጣለሁ»፦ የላቲን የትንቢት ግስ የት ገባ?

ጥንታዊ ሮማዊ «እሰጣለሁ» ለማለት «ዳቦ» ይል ነበር (ከምንበላው ዳቦ ጋር ዝምድና የለውም)። ከላቲን የተወለዱት ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ ከእናታቸው ብዙ ነገር ሲወርሱ ይህን የትንቢት ግስ ግን ጥለውታል።

አንዱ ምክንያት የድምፅ ለውጥ ነው። «አማቢት» ወደፊት ይወዳል፣ «አማዊት» ደግሞ ወደደ ማለት ነበር። ዘመን ሲገፋ በአናባቢዎች መካከል ያሉት «ብ» እና «ው» ተቀራርበው አንድ ሆኑና የሚመጣውን ካለፈው መለየት አስቸገረ።

ሕዝቡ ግን ሌላ አነጋገር ነበረው፤ «ዳሬ ሀቤዮ»፣ ቃል በቃል «መስጠት አለኝ»። ከእኛ «መስጠት አለብኝ» ብዙም አይርቅም። በ200 ዓ.ም. ገደማ በካርቴጅ ይጽፍ የነበረው ተርቱሊያን ይህን አገባብ መሆኑ ለማይቀር ነገር ደጋግሞ ተጠቅሞበታል። ቀስ በቀስ የግዴታው ስሜት ደብዝዞ ትንቢቱ ብቻ ቀረ፤ ሁለቱ ቃላትም ተጣበቁ። ስፌቱ በስፓኒሽ አሁንም ይታያል፦ «ዳር» (መስጠት) ላይ የ«አለኝ፣ አለህ፣ አለው» ቅሪት የሆኑት «ኤ፣ አስ፣ አ» ሲቀጠሉ «ዳሬ፣ ዳራስ፣ ዳራ» ይሆናል።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው የፍሬዴጋር ዜና መዋዕል ውስጥ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ የማረከውን የፋርስ ንጉሥ ግዛት መልስ ይለዋል። ንጉሡ «ኖን ዳቦ» (አልሰጥም) ሲል ዮስጢንያኖስ «ዳራስ» (ትሰጣለህ) ብሎ ይመልሳል። ታሪኩ የአንዲትን ከተማ ስም ለማስረዳት የተፈጠረ ተረት ነው። ለቋንቋ አጥኚ ግን ወርቅ ነው፤ አሮጌውና አዲሱ ግስ እዚያው ፊት ለፊት ተፋጠዋል።

አማርኛ ተናጋሪን ይበልጥ የሚገርመው ፖርቱጋልኛ ነው። እዚያ ስፌቱ ዛሬም ይፈታና ተሳቢው መሃል ይገባል፦ «ዳር-ቴ-ኤይ»፣ እሰጥሃለሁ። የእኛም «እሰጥሃለሁ» እኮ «እሰጥ» እና «አለሁ» መሃል «ህ»ን አስገብቶ የተሠራ ነው። አንዱ ከሌላው አልቀዳም፤ ረዳት ግስ ከዋናው ጋር ሙሉ በሙሉ ሳይዋሐድ ሲቀር እንዲህ ያለ ክፍተት ይተዋል። ሩማንያኛ በበኩሉ «ፈለገ»ን ረዳት አድርጎ «ቮይ ዳ» ይላል።

«ዳር-ቴ-ኤይ» ዛሬ የመጽሐፍና የወግ ንግግር ሆኗል። ብራዚላውያን እርስ በርስ ሲጨዋወቱ «ቮ ዳር» ይላሉ፣ «ልሰጥ እሄዳለሁ» እንደማለት፤ ስፓኒሽ ተናጋሪውም «ቮይ አ ዳር» ይላል። ረዳቱ አሁን «ሄደ» ነው፤ እስካሁን ግን ከዋናው ግስ ጋር አልተሰፋም።