የሕፃን ተዋናይ ገንዘብ የማን ነው?



በልጅነቴ እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንድ ሲኒማ ቤት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ትዕይንት አልረሳውም። ቻርሊ ቻፕሊን ያሳደገውን ሕፃን ሊወስዱበት ሲሉ፣ ልጁ ከመኪናው ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል። ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው፤ ለቅሶው ግን አዳራሹን ጸጥ አሰኝቶት ነበር።

ያ ሕፃን ጃኪ ኩጋን ይባላል። «ዘ ኪድ» በ1921 እ.ኤ.አ. ለዕይታ ሲበቃ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። በ1924 ወላጆቻቸውን ላጡ የአርመንና የግሪክ ሕፃናት ርዳታ ለማሰባሰብ አሜሪካንና አውሮፓን ዞረ። (በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ አርባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም ማስመጣታቸውን ማንሣት፣ አርመኖች አብረውን ለኖሩባት ለድሬዳዋ ከርእስ መውጣት አይመስለኝም።)

አባቱ በ1935 በመኪና አደጋ ሞቱ። ጃኪ ለአካለ መጠን ደርሶ ገንዘቡን ሲጠይቅ፣ እናቱና የእንጀራ አባቱ አይገባህም አሉት። ነገሩ የስስት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ራሱ የልጅ የሥራ ፍሬ የወላጅ ነው ይል ነበርና። በ1938 ከሰሳቸው። ያስገኘው ገቢ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር፤ በመጨረሻ እጁ የገባው 126,000 ዶላር ያህል ነው። በስሙ የሚጠራው ሕግ በ1939 ወጣ፤ ቀዳዳ ግን አላጣም። ገቢው የልጁ ንብረት እንደሆነና 15 በመቶው በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥ በግልጽ የተደነገገው ከ2000 ጀምሮ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ፊልም የተሸከመው ሕፃን ተዋናይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 በበኩሉ፣ በአንቀጽ 8፣ ለኪነ ጥበብ ትርኢት በፈቃድ ልዩ ሁኔታ እንዲደረግ በር ይከፍታል፤ ፈቃዱም የሥራ ሰዓትንና ሁኔታን እንዲወስን ያዝዛል። ስለ ክፍያው ባለቤት አንቀጹ አንድም ቃል የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ በሰባት ዓመቷ በማስታወቂያ ላይ መሥራቷን አጫወተችኝ። ስንት ተከፈለሽ ብዬ ጠየቅኋት።

«እሱንማ አባቴን ይጠይቁልኝ፣ መምህር» ብላ ሳቀች።