ጓዳው ከደጅ ሲታይ

ይህን የማወራው አለቃ በሌለበት፣ ከሰርቨር ክፍሉ ወጣ ብዬ፣ ሻይ ይዤ ነው። ስሜ አይነሳ።

ኔትወርክ የምንሠራ ሰዎች እርስ በርስ የምንተዋወቅበት፣ ሪፖርት ላይ ግን የማንጽፈው አንድ ነገር አለ። ፋየርዎል ላይ መዘጋት የሌለበትን የዘጋ ሰው፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ይጮኻል። ሒሳብ ክፍል ይደውላል፣ የሰው ኃይል ይደውላል፣ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ሁለቴ ትደውላለች። መከፈት የሌለበትን የከፈተ ሰው ጋ ግን ማንም አይደውልም። ሁሉም ነገር ይሠራል። እንዲያውም «ዛሬስ ኔትወርኩ ፈጠነ» ብለው ያመሰግኑታል።

በዚህ ረገድ የሚያስፈራኝ ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲ ተላላኪ ነው፤ አንድ እግሩ ጓዳ፣ አንድ እግሩ ደጅ። ሠራተኛው ድረ ገጽ ሲፈልግ ራሱ አይወጣም፣ ተላላኪው ወጥቶ ያመጣለታል። ላኪውን መለየት ያላስተማሩት ተላላኪ ግን መንገደኛም ሲልከው እሺ ይላል። «እስቲ ከውስጥ የደመወዙን ገጽ አምጣልኝ» ሲባል ገብቶ ያመጣል። የውስጡ ሰርቨር የሚያየው የተላላኪውን አድራሻ ስለሆነ፣ የቤት ሰው ነው ብሎ ይሰጣል። ሰርቨሩ መዝገብ ላይ የሚቀረውም ያው የተላላኪው አድራሻ ነው። «አድራሻችን በ10 ወይም በ192.168 ስለሚጀምር ከኢንተርኔት አይደረስበትም» ብለን የተኛን ሁሉ እዚህ ጋ ጉድ እንሆናለን። ከውጭ በቀጥታ አይደረስበትም፣ እውነት ነው። ተላላኪው ግን ቤት ውስጥ ነው።

ስኩዊድ የሚባለውን ነፃ ፕሮክሲ እንውሰድ። የፖርት ቁጥሩን፣ 3128ን፣ ብቻ ጽፎ የውስጡን አድራሻ ያላከለበት ሰው በሁሉም በኩል ጆሮ እንዲሰጥ አድርጎታል፣ በደጁም ጭምር። ስኩዊድ ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች ያነብና መጀመሪያ በገጠመው ላይ ይቆማል። ከታች «ሁሉንም ከልክል» የሚል መስመር አለ። ከእሱ በላይ «ሁሉንም ፍቀድ» ከገባ የታችኛው ጌጥ ነው።

ማን ያስገባዋል? እኔ አስገብቼዋለሁ። ዓርብ ማታ አንድ ቅርንጫፍ ሲስተም አልከፍት ብሎት፣ ጥፋቱ የት እንደሆነ ለመለየት ሁሉንም ፈቀድኩ። ሠራላቸው። እፎይ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። መስመሩን ያገኘሁት ከወራት በኋላ፣ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። ጎኑ ላይ በራሴ እጅ «ለጊዜው» ተብሎ ተጽፏል። አጠፋሁት፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የፕሮክሲው ሎግ በየሳምንቱ ይሰረዝ ስለነበር፣ ማን ገብቶ እንደወጣ የሚነግረኝ የለም።

የትልልቆቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አሜሪካዊው አድሪያን ላሞ እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ የኒው ዮርክ ታይምስ ውስጣዊ ኔትወርክ የገባው በአግባቡ ባልተዋቀረ ፕሮክሲ በኩል ነው። መሣሪያው እኛም ጠረጴዛ ላይ ያለው ተራ ብራውዘር ነበር። ለጋዜጣው የአስተያየት ገጽ የሚጽፉ ከ3,000 በላይ ሰዎች መረጃ፣ ስልክና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሳይቀር፣ ፊቱ ተዘረገፈ። እሱም አላረፈ፤ የራሱን ስም ከጸሐፊዎቹ ተርታ አስገባ። (ይህን ባነሳሁ ቁጥር ባልደረቦቼ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ፣ ከዚያ የራሴ ዓርብ ትዝ ይለኛል።) ጋዜጣው ጉዱን የሰማው ከውጭ፣ በአንድ ጋዜጠኛ በኩል ነው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ላሞ የቴሌኮም ኩባንያው ወርልድኮም ኔትወርክ ውስጥ በተመሳሳይ መንገድ ገብቶ ሲነግራቸው አመስግነውት ነበር። ታይምስ ግን አላመሰገነም። ላሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ስድስት ወር የቤት ውስጥ እስርና 65,000 ዶላር ገደማ ካሳ ተፈረደበት። ፕሮክሲውን እንዲያ የተወው ባለሙያ ማን እንደነበር ስሙ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ካፒታል ዋን በተባለው ባንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ተላላኪ የሆነው ራሱ ጠባቂው ነው። በክላውድ ላይ ያቆሙት የድረ ገጽ ፋየርዎል ሲዛባ፣ የውጭ ሰው ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ውስጥ አድራሻ ወሰደው፤ የመግቢያ ቁልፍ ይዞለትም ተመለሰ። በአሜሪካ ወደ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ ወደ 6 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተነካ። መረጃው በማርች ወጥቶ ባንኩ ያወቀው በጁላይ፣ ያውም አንድ የውጭ ሰው ኢሜይል ጽፎለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ተቆጣጣሪው 80 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው የእኛን ሥራ አይቶ ይመስለኛል።

ከዚያች ዓርብ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ሰኞ ሰኞ ላፕቶፔን ይዤ ከግቢው እወጣና ማዶ ካለችው ሻይ ቤት እቀመጣለሁ። ከስልኬ ዳታ ጋር አገናኝቼ፣ እንደ መንገደኛ ሆኜ፣ የራሳችንን ፕሮክሲ «እስቲ የደመወዙን ገጽ አምጣ» እለዋለሁ። ቢሮ ያሉት ማኪያቶ ሱስ ሆኖበት ነው ይላሉ። እምቢ ሲለኝ ሒሳቤን ከፍዬ እመለሳለሁ።