ቤት ተቀምጦ ሮምን መዞር፦ እንዴት ይሠራል?

በባቡር ሮም የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ከተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ አደባባይ ነው። ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ አለፍ ብሎ ለእነሱ መታሰቢያ የተደረገ ከግብፅ የመጣ የድንጋይ ሐውልት አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የሄደው የይሁዳ አንበሳ ምስልም እዚያው ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1938 ጣሊያኖች ላይ ጎራዴውን የመዘዘው እዚህ ነው።

ይህን ቦታ ለማየት ቪዛም የአውሮፕላን ትኬትም አያስፈልግም። ጎግል ማፕ ላይ የአደባባዩን ስም ጽፈው የጎዳናውን ፎቶ ሲነኩ አደባባዩ መሐል ይቆማሉ። በጣት ሲጎትቱ ዙሪያው ይዞራል፤ ቀስቷን ሲነኩ ወደፊት ይሄዳሉ። ብዙ ሰው ቪዲዮ ይመስለዋል፤ ከሳተላይት በቀጥታ የሚተላለፍ የሚመስለውም አለ። ሁለቱም አይደለም። የሚያዩት ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት በየአቅጣጫው የተነሱ፣ ኋላ በኮምፒውተር የተገጣጠሙ ፎቶዎችን ነው። እንዴት እንደተገጣጠሙ ያወቀ ሰው የቱን ማመን፣ የቱን መጠርጠር እንዳለበት ስለሚለይ ከተማዋን አብልጦ ያያል።

ሐሳቡ ጎግልን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮሎራዶ ውስጥ አስፐን በምትባል ከተማ መኪና ጣሪያ ላይ ካሜራ ጭነው በየ3 ሜትሩ ገደማ ፎቶ እያነሱ መንገዶቿን ዞሩ። ርቀቱን የሚለካላቸው ከመኪናው ኋላ የሚጎተት የብስክሌት ጎማ ነበር። ከዚያ ፎቶዎቹን ሌዘር ዲስክ ላይ ጭነው፣ ተመልካቹ ስክሪን ላይ ግራ፣ ቀኝ፣ ወደፊት እያለ ከተማዋን እንዲዞር አደረጉ። ጎግል ይህን የጎዳና ፎቶ አገልግሎቱን፣ ስትሪት ቪውን፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ጀመረ፤ በዓመቱ ጣሊያን ገባ።

የዛሬው የጎግል መኪና ጣሪያው ላይ በቆመ ምሰሶ ዙሪያ የተደረደሩ ካሜራዎች ይዞ ይሄዳል። እያንዳንዱ የራሱን አቅጣጫ ያነሳል፤ የአንዱ ፎቶ ጠርዝ ከጎረቤቱ ጋር ይደራረባል። የቆመበትን ቦታ ጂፒኤስ ይነግረዋል። ነገር ግን እንደ ሮም ባሉ ጠባብና በረጃጅም ግንቦች በታጠሩ ጎዳናዎች የሳተላይቱ ምልክት ግድግዳ እየመታ ስለሚመለስ ጂፒኤስ ብቻውን አይታመንም። ስለዚህ የጎማው ዙር ይቆጠራል፤ መኪናው መታጠፉንና መዘንበሉን የሚለኩ መሣሪያዎችም አሉ። አስፐን ውስጥ ይጎተት የነበረው ጎማ ሥራ ዛሬም አልቀረም ማለት ነው። በሌዘር የሚለካ መሣሪያ ደግሞ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ይይዛል። በኮምፒውተር ሲያዩ የማውሱ ጠቋሚ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ እንደ ግድግዳው የሚቆመው፣ አስፋልት ላይ ሲያርፍ የሚተኛው በዚህ የርቀት መረጃ ነው። መኪና በማይገባበት ሦስት እግር ያለው ብስክሌት ወይም በጀርባ የሚታዘል ካሜራ ይተካል።

አስቸጋሪው ማገጣጠሙ ነው። ለምን እንደሚያስቸግር ለማየት የቡና ሲኒ ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊትዎ ያስቀምጡ፤ ጀበናውን ከኋላው ራቅ ያድርጉት። ግራ ዓይንዎን ጨፍነው በቀኙ ብቻ እያዩ ሲኒው ጀበናውን እስኪጋርደው ጎንበስ ይበሉ። አሁን ሳይንቀሳቀሱ ቀኙን ጨፍነው ግራውን ይግለጡ። ሲኒው ወደ ቀኝ ይዘልና ጀበናው ብቅ ይላል። በሁለቱ ዓይኖችዎ መካከል ያለው ርቀት ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሆኖም ቅርብ ያለውን ነገር ከቦታው ለማዛወር በቃ። ከመስኮቱ ማዶ ያለ ዛፍ ላይ ቢሞክሩት ግን ከጀርባው ካለው ሕንፃ አንጻር ምንም የተንቀሳቀሰ አይመስልም።

ጣሪያው ላይ ያሉት ካሜራዎችም እንዲሁ ናቸው። ጎን ለጎን ስለሆኑ አንድን ነገር ከተለያየ ቦታ ያዩታል። ሩቅ ያለ ጉልላት በሁለቱም ፎቶ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ መኪናውን ታክኮ የሚያልፈው ሰው ግን አይገጥምም። ኮምፒውተሩ የተመሳሰሉ ነጥቦችን ፈልጎ ሁለቱን ያስማማል፤ ያልተስማማውን ጎተት አድርጎ ወይም ቆርጦ ያልፈዋል። እግሩ የጎደለ መንገደኛ፣ አየር ላይ የተቆረጠ ሽቦ፣ ኋላው የተደገመ ሞተር ሳይክል ሲያዩ መጋጠሚያው ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። ብርሃኑም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ ካሜራ ፀሐይን፣ ሌላው ጥላን ስለሚያይ ቀለማቸው ይለያያል፤ ፕሮግራሙ ያቀራርበዋል።

ከዚያ ሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጠፍጣፋ ፎቶ ላይ መዘርጋት አለበት። ብርቱካን ልጠው ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ለመደልደል ቢሞክሩ ይቀደዳል፤ እንዳይቀደድ ከፈለጉ ላይና ታቹን መለጠጥ ይኖርብዎታል። ፎቶው ላይም የሚደረገው ይኸው ነው፤ 360 ዲግሪ ወደ ጎን፣ 180 ዲግሪ ወደ ታችና ወደ ላይ ተዘርግቶ ስፋቱ የቁመቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሰማዩና ከመኪናው ሥር ያለው መሬት ያለቅጥ ይለጠጣሉ። ሲከፍቱት ስልክዎ መልሶ ኳስ ያደርገውና እርስዎን ከውስጡ መሐል ያስቀምጥዎታል። ወደ እግርዎ ሲያዩ የሚያገኙት የደበዘዘ ክብ መኪናው ራሱ የነበረበት ነው።

አንድ እንዲህ ያለ ፎቶ 13,312 ፒክስል ስፋት፣ 6,656 ፒክስል ቁመት ሊኖረው ይችላል፤ ሲባዛ ከ88 ሚሊዮን ነጥብ በላይ ነው። ይህን በአንዴ ማውረድ የስልክ ዳታ ያሟጥጣል። ስለዚህ ፎቶው 512 በ512 ፒክስል በሆኑ 338 ካሬዎች ተቆራርጦ ይቀመጣል፤ ያው ፎቶ አነስ አነስ ባሉ መጠኖችም ይዘጋጃል። ስልኩ መጀመሪያ ትንሹን ያወርድና ብዥ ያለ ነገር ያሳያል፤ ቀጥሎ እርስዎ የሚያዩበትን አቅጣጫ ካሬዎች ብቻ ያመጣል። ከጀርባዎ ያለው ጎዳና ዞረው እስኪያዩት ድረስ በጥራት አልወረደም። ኔትዎርክ ሲደክም ፎቶው ብዥ እንዳለ የሚቀረው በዚህ ነው። ዳታ ለመቆጠብ የፈለገ ሰው ዝም ብሎ ከመሽከርከር አንድ ቦታ ቆሞ አንድ ነገር ቢያይ ይሻለዋል፤ እውነት ለመናገር ጉብኝቱም የሚጥመው እንደዚያ ሲሆን ነው።

እስከምን ድረስ አጉልቶ ማየት ይቻላል? ሒሳቡ ቀላል ነው። 13,312ን ለ360 ብናካፍል ለአንድ ዲግሪ 37 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። 20 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ዲግሪ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ አንዱ ፒክስል አንድ ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ሱቅ ላይ በትልልቁ የተጻፈ ስም ይነበባል። እብነ በረድ ላይ በሦስት ሴንቲ ሜትር ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ ግን ሦስት ነጥብ ብቻ ስለሚደርሰው የቱንም ያህል ቢያጎሉት አይነበብም፤ መጀመሪያውኑ በፎቶው ውስጥ የለም።

የሰው ፊትና የመኪና ታርጋ የሚደበዝዘው ሆን ተብሎ ነው። ሥራውን የሚሠራው ፊት የሚለይ ፕሮግራም ሲሆን አንዳንዴ የሐውልት ፊትም ሰው መስሎት ይሸፍናል፤ እንደ ሮም ሐውልት በሞላበት ከተማ ይህ ያጋጥማል።

አሁን ወደ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና እንሂድ፤ ከጥንቱ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ከቺርኮ ማሲሞ ጫፍ ነው። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር። ፊት ለፊት የሚታየው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ የታነጸው ግን ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ ነው። ስትሪት ቪው ላይ ፎቶው የተነሳበት ወርና ዓመት ይጻፋል፤ እሱን ሲነኩ በዚያው ቦታ ቀደም ባሉ ዓመታት የተነሱ ፎቶዎች ይደረደራሉ። አገልግሎቱ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ በእኔ ዕይታ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ በአካል ሮም የሄደ ሰውም ይህን አያገኝም። እዚህ ቦታ ግን እስከ መጀመሪያው ፎቶ ቢመለሱ ሐውልቱን አያዩትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ተፈታትቶ በ2005 አክሱም ገባ፤ ካሜራዎቹ ጣሊያን ጎዳና ላይ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያህል ዓመት የከተማዋ መልክ የነበረ 24 ሜትር ድንጋይ በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም። ለስትሪት ቪው ታሪክ የሚጀምረው ካሜራው ከመጣበት ቀን ነውና፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ጎብኚው አውቆ መሄድ አለበት።

ቀኑን ማየት ሌላም ጥቅም አለው። አንዱን ቀስት ሲነኩ ጥርት ያለው ሰማይ በድንገት ይደምናል፤ ዛፉም ቅጠሉን ያራግፋል። ሁለቱ ፎቶዎች በተለያየ ወቅት የተነሱ ስለሆኑ ነው። ቀስቶቹ የሚያገናኙት አጎራባች ቦታን ነው፤ ቀኑ ቢራራቅም ያያይዙታል።

በዚያው ሮም፣ ቫቲካን ውስጥ፣ የሲስቲን ጸሎት ቤት ምናባዊ ጉብኝት አለ። የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። የአሜሪካው ቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቦታውን ከፋፍለው፣ በጠባብ የሚያይ ሌንስ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች አነሱ። እንዲህ ላለ ሥራ ካሜራው የሚዞረው የሌንሱ መሐል ሳይነቃነቅ ነው። የሲኒውና የጀበናው ችግር እዚህ የለም፤ የሚያየው ዓይን አንድ ነው፣ ቦታውንም አይለቅም። ትርፉ ጥራት ነው። ማይክል አንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 የሣለው ጣሪያ ከወለሉ 20 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ እዚያ የቆመ ጎብኚ አንገቱን ሰብሮ፣ በሰው እየተገፋ፣ ፎቶ ማንሳት ሳይፈቀድለት ያየዋል። ቤቱ የተቀመጠው ሰው የአዳምን ጣት አጉልቶ ቀለሙ የተሰነጠቀበትን ይቆጥራል።

ሆኖም ከመሠዊያው በላይ ያለውን ነቢዩ ዮናስን ይፈልጉት፤ ከጎኑ ዓሣው አለ። ዮናስ ወደ ኋላ ተለጥጦ የተንጋለለ ይመስላል። የተሣለበት ግድግዳ ግን ወደ ኋላ አያጋድልም፤ ወደ ተመልካቹ ነው የሚጎብጠው። የሠዓሊው ጥበብ ወደፊት የሚመጣ ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው መሣሉ ነው። ስክሪን ላይ ግድግዳው መጉበጡ ስለማይታወቅ ዮናስ እንዲሁ የተንጋለለ ሰው ሆኖ ያልፋል። ይህን ለማድነቅ እዚያው መቆም ያስፈልጋል።

ሌላው የሚጠፋው መጠን ነው። የጥንቱ የሮም ቤተ መቅደስ የፓንቴዮን ጉልላት ከውስጥ 43 ሜትር ይሰፋል፤ ስልክ ላይ ግን አያስደነግጥም። ምክንያቱ ይህ ነው። አግድም የተያዘ 15 ሴንቲ ሜትር ስክሪን 90 ዲግሪ ቢያሳይ፣ ልክ እዚያ እንደቆመ ሰው ለማየት ስልኩን ከዓይን 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ መያዝ ያሻል። እንዲያ የሚይዝ ሰው የለም፤ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ስንይዘው ሁሉ ነገር ወደ አራት እጥፍ ያህል አንሶ ይታየናል። መድኃኒቱ አጉልቶ ማየት ነው። ጉልላቱ ሙሉ በሙሉ ስክሪኑ ውስጥ እንዲገባ አይጠብቁ፤ ጥቂቱን ብቻ አጉልተው ቀስ እያሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይጎትቱት። አንገት በማዞር የሚለካውን ትልቅነት ጣትዎ ይለካዋል። ካለ ደግሞ ኮምፒውተር ወይም ቴሌቪዥን ላይ ከፍተው ጠጋ ብለው ይዩት።

እስካሁን ያየናቸው ፎቶዎች ናቸው፤ ስፋትና ውፍረት አይነግሩም። እነዚህን ለማወቅ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ከሮም ወደ አገራችን ብንመለስ፣ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት ላሊበላ ላይ የተጠቀመው ሌዘር ነው። መሣሪያው አንድ ቦታ ተተክሎ ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩ ድንጋዩን ነክቶ ሲመለስ ርቀቱ ይመዘገባል። ይህ በሚሊዮን ለሚቆጠር ነጥብ ይደገማል። መሣሪያው ከውስጥም ከውጭም፣ ከጉድጓዱም ከአፋፉም እየተዛወረ ሲለካ የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሞዴል ይወጣል። ሮምን በፎቶ የዞረ ሰው ካሜራው በቆመበት ብቻ ይቆማል፤ ይህን ሞዴል ግን ከየትኛውም ማዕዘን ማየት፣ እንደ ቢላዋ መሐሉን ሰንጥቆ የጣሪያውን ውፍረት በሴንቲ ሜትር መለካት ይቻላል። ጣሪያውን የሚጠግኑ መሐንዲሶች ክብደቱን የሚያሰሉት ከእንዲህ ያለ ልኬት ነው፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲለካም ድንጋዩ ምን ያህል እንደተሸረሸረ ሁለቱን በማነጻጸር ይታወቃል።