ደቅ ደሴት ደርሶ መልስ፤ ገንዘቡ የት ይቀራል?

ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት ለመሻገር ወደ ጣና ዳርቻ የወረደ ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው ደላላ ነው። የደላላው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ናችሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተራ አይምሰል፤ የቀኑ ሒሳብ የሚወሰነው በእርሱ ነው። ጀልባ የሚከራየው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በሙሉ ነው። ሁለት ሰው ቢጭንም ዐሥር፣ የሚያቃጥለው ነዳጅ እምብዛም አይለያይም። ለምሳሌ ያህል ኪራዩ 10 ሺህ ብር ቢሆን ሁለት ተጓዦች በነፍስ ወከፍ 5 ሺህ፣ ዐሥር ከሆኑ ግን 1 ሺህ ብር ብቻ ይደርስባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ጎብኚ ሲመናመን ወጪ የሚጋራ ሰው መጥፋቱም ለዚህ ነው የሚጎዳው።

ጉዞው በትንሽ የሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደቅ ከጣና ደሴቶች በስፋት ቀዳሚው ሲሆን፣ የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው በምዕራብ ዳርቻው ነው። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ሲሆኑ ዘመኑም 18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በግድግዳው ሥዕል ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ለዚህ ሥዕል ብቻ መንገዱ አያስቆጭም። አጠገቡ ባለው ዳጋ እስጢፋኖስ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብንና ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት አጽም አርፏል፤ ነገር ግን ሴቶች አይገቡም። ባልና ሚስት ከሄዱ አንዳቸው ጀልባ ውስጥ ይቀመጣሉ ማለት ነው፤ ደላላው ይህን አስቀድሞ ቢነግር መልካም ነበር።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ ጀልባ ነጂዎች ለመመለስ ይጣደፋሉ። ስድስት ሰዓት በውኃ ላይ ያለፈበት ቀን ለደሴቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጎብኚው ለመግቢያ ይከፍላል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ይመለሳል። በአንጻሩ ዘጌ ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይርቅ ጎብኚው በእግሩ ይንሸራሸራል፣ ቡና ይጠጣል፣ በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት ሻጮች ዕቃ ይገዛል። ደቅም ገበሬና አሳ አጥማጅ አለው፤ ያጣው ገዢው የሚቆይበትን ጊዜ ነው።

ታዲያ ገንዘብ ያለው ሰው ምን ይሥራ? ሆቴል ለመገንባት ከመቸኮሉ በፊት፣ ቀኑ የታወቀና ወንበር በነፍስ ወከፍ የሚሸጥበት ጀልባ ቢያቆም ይሻላል። ተሳፋሪው ስንት እንደሆነ ከዋዜማው ከታወቀ፣ የደሴቱ ሴቶች ምሳ አዘጋጅተው መጠበቅ ይችላሉ። ለዚህ ትልቅ ካፒታል አያስፈልግም። ሥራው የሚፈልገው ጀልባው ባይሞላም በቀጠሮው የሚነሣ ባለቤት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪሳራ መሸከም ያለበትም እርሱ ነው።

እስከዚያው ተጓዡ ርቦት ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል፤ የጣናን አሳ ጥብስ የሚበላውም እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በከተማ ዋጋ ነው።